«ስልክ ካላየ አይበላም»፦ የሕፃን ልጅ የስክሪን ሰዓት ስንት ይሁን?

«ስልክ ካላየ አይበላም።» ይህን አባባል በአዲስ አበባ ያልሰማ ወላጅ የለም። የካ ሚካኤል አካባቢ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤትም ይሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ስልኩ ብርጭቆ ተደግፎ ይቆማል፤ የእንግሊዝኛው የልጆች መዝሙር ይከፈታል፤ የሕፃኑ ዓይን ስክሪኑ ላይ ይተከላል፤ አፉ ሲከፈት ማንኪያው ይገባል። ሳህኑ ባዶ ይሆናል፤ እናትም እፎይ ትላለች። ልጁ ግን የበላውን አላየም፤ መጥገቡንም ልብ አላለም።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ ታዲያ በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀድለት?

መልሱ የተደበቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ተቀራራቢ ምክር ሰጥቷል። እሱ ከ18 ወር በታች ላሉት የፈቀደው አንድ ነገር የቪዲዮ ጥሪን ነው። ይህ ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ነገር ነው። ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች እናት፣ ዋሽንግተን ያለች አያት ከልጁ ጋር በስልክ ስትነጋገር ጊዜው እንደ ብክነት አይቆጠርም። ከስክሪኑ ጀርባ ስሙን የሚጠራው፣ ሲስቅ አብሮት የሚስቅ ሰው አለና።

ከመመሪያው ግን ሰው ጆሮ የገባችው ይህች የ1 ሰዓት ቁጥር ብቻ ናት። የቀረው ተረስቷል። ያው ሰነድ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው ልብ የሚያስመታ ሩጫና ዝላይ መሆን አለበት። ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ተቀምጦ በሚያሳልፈው ጊዜም ቢነበብለት፣ ተረት ቢነገረው ይመረጣል። እንግዲህ ሒሳቡን ከስልኩ ሳይሆን ከዚህ መጀመር ይሻላል። ልጁ ዛሬ ስንት ሰዓት ተኛ? ስንት ሰዓት ሮጠ? ማን አወራው? እነዚህ ሲሟሉ ለስልኩ የሚተርፈው ጊዜ ብዙ አይሆንም። እነዚህ ካልተሟሉ ግን ስልኩ በ1 ሰዓት ቢዘጋም ልጁ ግድግዳ ሲያይ ይውላል እንጂ የሚያገኘው ነገር የለም።

«ግን እኮ እንግሊዝኛ ተማረበት» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ቀለማትን በእንግሊዝኛ የሚቆጥር የ2 ዓመት ልጅ ለእንግዳ ሲታይ ያኮራል። ያው ልጅ «ውኃ ጠማኝ» ለማለት የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ማድጋው የሚጎትት ከሆነ ግን ኩራቱ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በደንብ ያሳያል። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር ተጫወቱ፤ የቋንቋውን ድምፆች ለዩ። ሌሎቹ እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን አዩ፤ ምንም አልለዩም። ሕፃን ቋንቋን የሚማረው ሲመልስለት ከሚመልስለት ሰው ነው። ስክሪን ደግሞ ይናገራል እንጂ አይሰማም።

በሌላው ጽንፍ ደግሞ ፍርሃት አለ። «ስልክ ኦቲዝም ያመጣል» የሚለው ወሬ በቲክቶክ ብዙ ተዘዋውሯል። ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመሠረት በአዲስ አበባ ልጅ በስማርትፎን አይመገብም ነበር። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግን ነበሩ፤ ያውም በየቤቱ ተደብቀው። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ ውርስም ትልቅ ድርሻ አለው። ወሬው ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ እናትን በሌለ ጥፋት ይከስሳል። ሁለተኛ፣ «ስልኩ ሲቀር ይለቀዋል» እየተባለ ምርመራ ይዘገያል። በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ስልኩም ይቀንስለት፣ ጆሮውም ዕድገቱም በባለሙያ ይታይ። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያወራው» ብሎ መጠበቅ የሚጎዳው ልጁን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመከርም ከተባለ፣ እስከዚያ ድረስ ከልጁ ጋር የሚውለው ማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። ለአባት 3 ቀን። ከሦስተኛው ወር እስከ ሁለተኛው ዓመት 21 ወር አለ። ቅድመ መደበኛ ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ በ4 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ መሐል ልጁ በብዙ ቤት የሚውለው ራሷ ገና ልጅ ከሆነች የቤት ሠራተኛ ጋር ነው። እሷ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ታጸዳለች። ልጁ ሲያለቅስባት ስልክ ብትሰጠው ምን ይፈረድባታል? ድሮ ይህን ክፍተት የሚሞሉት አያት፣ ጎረቤትና የግቢው ትልልቅ ልጆች ነበሩ። ግቢው ፈርሶ ፎቅ ሆነ፤ አያት ክፍለ ሀገር ቀረች፤ የቀረው ስልክ ነው።

ስለዚህ እናትን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ በእውነት ቢሠራ፣ የግል ድርጅቶችም ቢከተሉት፣ ከሺህ ምክር ይበልጣል። የመጫወቻ ቦታም እንዲሁ። እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የኮሪደር ልማቱም መናፈሻዎችን አምጥቷል። የ3 ዓመት ልጅ ግን ታክሲ ተሳፍሮ በየቀኑ አይሮጥም። የሚያስፈልገው ከቤቱ በር ላይ መኪና የማይገባበት ትንሽ ሜዳ ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ይህ ቦታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መኪና ቆሞበታል። ይህን ለመለወጥ የነዋሪዎች ማኅበር አንድ ስብሰባ ይበቃዋል።

ቤት ውስጥስ? ሦስት ነገር ሊደረግ ይችላል።

አንደኛ፣ ማዕድ ላይ ስልክ አይቅረብ፤ የአባትም ጭምር። ልጁ ጥቂት ቀን ያኮርፋል፣ ትንሽ ይበላል። ጤነኛ ልጅ ሲርበው መብላቱ አይቀርም። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ የሚጮኸው ቴሌቪዥንም ይቆጠር። ማንም ባያየው እንኳ የቤተሰቡን ወሬ ይቀንሳል፤ ልጁ ቋንቋ የሚለቅመው ከዚያ ወሬ ነው።

ሦስተኛ፣ 2 ዓመት ላለፈው ልጅ ያቺ 1 ሰዓት በምርጫ ትሁን። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስትጀምር ልጆች የሚያውቋትን ዓለም በአማርኛ ይዛ መጣች። እንዲህ ያለውን ዝግጅት አብሮ አይቶ «ጸሐይ ምን አደረገች?» ብሎ መጠየቅ፣ ዩቲዩብ ራሱ እየመረጠ ከሚያከታትለው ጋር አንድ አይደለም።

ጥር 12 ቀን የካ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ የሰፈሩን ሕፃናት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው እያጨበጨቡ፣ ከሰው ጋር እየጮኹ ሰዓታት ያልፋሉ። ስልክ ማን ያስታውሳል? እንዲህ ያለው ቀን በዓመት አንዴ ነው። የሥራ ቀኑ ግን ረጅም ነው፤ በዚያ ረጅም ቀን ልጁን የሚያወራው ሰው ማግኘት የእናት ብቻ ሳይሆን የአባት፣ የአሠሪና የከተማው አስተዳደርም ሥራ ነው።