ጥናቱ ይፍረድ ወይስ አልጋው አጠገብ ያለው?

ጥናቱ ይፍረድ

ትኩሳት ይዞት፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ ለመጣ ሕፃን በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ለዓመታት ብዙዎች ያልጠረጠሩት ሕክምና ነበር። የደም ዝውውሩ ደክሟል፣ ፈሳሽ ያበረታዋል፤ አለቀ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ስድስት ሆስፒታሎች የተካሄደው «ፊስት» የተባለ ጥናት ሕፃናቱን በዕጣ ከፋፍሎ ይህንኑ ፈተነ። 3,141 ሕፃናት እንደተመዘገቡ ከዕቅዱ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ይኸው፦ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ገደማ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ።

ፈሳሹን ይሰጡ የነበሩት ሐኪሞች ልምድ አላነሳቸውም። ልምድ ግን የዳነውን ለራሱ ይቆጥራል፤ የሞተውን «ሕመሙ ከብዶበት ነው» ብሎ ይሸኛል። ከመቶ የሦስት ልጅ ልዩነት ደግሞ በአንድ ተረኛ ዓይን አይታይም። ብሪታንያዊው ሐኪም አርቺ ኮክሬን በ1972 እ.ኤ.አ. የሙያ አጋሮቹን የሞገተው በዚሁ ነበር።

ቦታውስ?

ወዳጄ የጠሩት ምስክር ለእኔም ይመሰክራል። ያ ልማድ ከመንደር አልፈለቀም፤ መተንፈሻ ማሽንና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች አድጎ፣ ማሽኑ ወደሌለበት በመመሪያ ተላከ እንጂ።

የእምብርት ቅባቱንም ይመልከቱ። የጨቅላ እምብርት እንዳይመረቅዝ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን በኔፓል፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን የጨቅላዎችን ሞት ቀነሰ። በዛምቢያና በፔምባ ደሴት ሲሞከር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የእኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የትኛውን ትመን?

ማኅበራዊ እንክብካቤ ላይ ሲደርሱማ ይብሳል። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ አያቶችን አሠልጥኖ፣ የጨነቀውን ሰው ክሊኒኩ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ አደረገ። «የወዳጅነት ወንበር» የተጀመረው በ2006፣ በዕጣ የተፈተነበት ጥናት የታተመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ የመጡት «ማስረጃ እስኪገኝ ታገሡ» ይባሉ ኖሯል?

ምላሽ

አይባሉም። ግን ደግ አያት የሌለበት አገር የለም። እኔን ያሳመነኝ 573 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት የጭንቀትና የድባቴ ምልክት መቀነሱን ማሳየቱ ነው። የእምብርቱንም ልዩነት የነገረን ሌላ ማንም ሳይሆን ጥናት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀደም ሲል ቅባቱን የመከረው ለሁሉም ሳይሆን፣ ከ1,000 ጨቅላዎች 30 እና ከዚያ በላይ በሚሞቱበት አካባቢ ቤት ለተወለዱት ነበር። ቦታ ይለያያል ካሉ፣ እዚህም ይጠና ይበሉ እንጂ ጥናት ይቅር አይበሉ።

የመጨረሻ ቃል

ይቅር አላልሁም። እኔን የሚያሰጋኝ ከመጽሔቱ ወደ አልጋው ሲወርድ በመንገድ የሚንጠባጠበው ነው። ፊስት በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውንም፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱትንም ሕፃናት አላካተተም። ይህ ቅድመ ሁኔታ ሥልጠናው ላይ ይነገራል፤ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ ጋ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ «ፈሳሽ ይገድላል» የምትለዋ አጭር ወሬ ናት። በተቅማጥ ደርቆ ለመጣው ሕፃን ጥናቱ አንዳች አልፈረደም፤ ነርሷ ግን አሁኑኑ መፍረድ አለባት።