ለቅሶ ቤት የሚቸኩለው ስብከት

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የቶማስ ነገር የሚነገርበት እሑድ ነው፤ ሐዋርያው የጌታን ቁስል በዓይኑ ሳያይና በእጁ ሳይነካ እንደማያምን ተናግሮ ድርቅ ያለበት ታሪክ። በዚያው ዕለት አይኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ የገደላቸውን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ሠላሳ ያህል ወንዶች ናቸው፤ ገሚሶቹ ባሕር ዳርቻ ላይ ታረዱ፣ ገሚሶቹ በረሃ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ቂርቆስ ሰፈር ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ከሟቾቹ መካከል መሆናቸው ሲታወቅ የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

በዚያ ሰሞን ከየዐውደ ምሕረቱና ከየመድረኩ ጎልቶ የተሰማው «ሰማዕታት» የሚለው ቃል ነበር። ቃሉ ይገባቸዋል፤ በእምነታቸው ምክንያት መገደላቸውን ገዳዮቹ ራሳቸው በኩራት ተናግረዋል። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። አስከሬን ባልመጣበት፣ የልጅ አሟሟት ከእጅ ስልክ ወደ እጅ ስልክ በሚዞርበት ቤት ገብቶ «ደስ ይበላችሁ፣ አክሊል ተቀዳጅቷል» ማለት ለተናጋሪው ይቀለዋል። ለእናት ግን ሟቹ መጀመሪያ ልጅ ነው፤ ሰማዕትነቱ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ቆይቶ፣ ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በዚያው በሊቢያ ጠረፍ 21 ክርስቲያኖች፣ አንድ ጋናዊና ሃያ ግብፃውያን ቅብጦች፣ ታርደው ነበር። ሁለት ወንድሞቹን ያጣ አንድ ግብፃዊ በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ቀርቦ፣ ገዳዮቹ የሟቾቹን የመጨረሻ የእምነት ቃል ከቪዲዮው ስላላጠፉት አመሰገነ፤ ዓይናቸው እንዲበራም ጸለየላቸው። ዓለም ጉድ አለ። እንዲህ ያለ ጸጋ መኖሩን ማንም ሊያጣጥለው አይችልም። ጸጋው ለሌላው ሐዘንተኛ ሁሉ መለኪያ ሲደረግ ግን ነገር ይበላሻል፤ በሦስተኛው ቀን ይቅር ማለት ያቃታት፣ ሌሊት እየባነነች «ለምን?» የምትል ሴት በሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነት ትደርብበታለች።

«አታልቅሺ፣ ፈጣሪ ይከፋዋል»፣ «ከእሱ በላይ አታውቂም»፣ «በእምነት ቁሚ»። እነዚህን ያልሰማ ሐዘንተኛ ማግኘት ይከብዳል። ኦርቶዶክሱ ቤትም፣ ጴንጤው ቤትም፣ ካቶሊኩም ቤት ዜማው ይለያይ እንጂ መልእክቱ አንድ ነው። የሚናገሩት ክፉዎች አይደሉም። እንባ ሲያዩ የሚሉት የሚጠፋቸው፣ ዝምታ የሚያስጨንቃቸው ደጋጎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያጽናኑትም የራሳቸውን ፍርሃት ነው።

የሚገርመው ይህ ችኮላ ከአገሩ ወግ የተወረሰ አለመሆኑ ነው። ወጉ ጊዜ ይሰጣል። ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ወንበርና ብርጭቆውን ያወርዳል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት አብሮ ያድራል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በገጠር አልቃሿ የሟቹን ሙያና ጠባይ በግጥም እየደረደረች አልወጣ ያለውን እንባ ታስወጣለች። (ዛሬ ከተማ ውስጥ አልቃሿን እንደ ኋላቀር ማየት ፋሽን ሆኗል፤ በምትኩ የመጣው ድምፅ ማጉያ ከእሷ ሙያ ምን ያህሉን እንደሚተካ ያጠራጥራል።)

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ከዚህ የተለየ አላስተማረችም። ሕማማትን ማየት ይበቃል። ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ ካህኑ መስቀል አያሳልምም፣ ምእመናን ተሳስመው ሰላም አይባባሉም። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ አስቀድሞ በሆሳዕና እሑድ ለሁሉም ይደረጋል። ሐሙስ ጉልባን ይበላል፤ ዓርብ ሲሰገድ ይዋላል፣ ጉልበት እስኪከዳ። ትንሣኤ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ቀኑም ተቆጥሮ የታወቀ ነው። ማንም ግን ማክሰኞ ላይ እልል አይልም። ለአንድ ሞት ሙሉ ሳምንት የምትሰጥ ቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ ለጎረቤታቸው ሞት ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሰጡ ወደ ትንሣኤው የሚዘሉት ከየት ተምረው ነው?

ዳዊት የሚደግም ሰውም በየሳምንቱ ይህንኑ ያገኘዋል። በግዕዙ ቁጥር 87ኛው፣ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው መዝሙር ከጫፍ እስከ ጫፍ እሮሮ ነው። አብዛኞቹ የጭንቅ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ ይሄኛው አይመለስም፤ ጨለማ ላይ ያበቃል። አበው ግን አላፈሩበትም፤ ከምስጋናው መዝሙር እኩል በዜማ እንዲደገም አደረጉት። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሞትን ፈርቶ ላቡ እንደ ደም ሲንጠባጠብ፣ ጽዋው እንዲያልፍለት ሲለምን ወንጌላውያኑ አልደበቁትም። የቶማስም ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አለው። ከትንሣኤው ምሽት እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ ቶማስ ያላመነ ሆኖ ሰነበተ። ሌሎቹ አላባረሩትም፣ ዘለፉትም አልተባለም። ጌታ ሲመጣ ቶማስ የተገኘው ከእነሱው ጋር፣ በተዘጋው በር ውስጥ ነው። ውጭ ጥለውት ቢሆን ኖሮ ቁስሉን የት ያየው ነበር?

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ እምነትና ፍርሃት ሲነሣ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም መነሣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ አስሮ ከለቀቃቸው በኋላ የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ እንዳመቻቹላቸው፣ እሳቸው ግን መንጋቸውን በክፉ ቀን ጥለው መሄድን እንዳልተቀበሉ በታሪካቸው ተጽፏል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ካለው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ ሲወጡ ታፈኑ፤ በዚያው ሌሊት ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ከሦስት ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ በዚሁ መንግሥት ተገደሉ። የሁለቱም አጽም የተገኘው በ1984 ዓ.ም.፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ሰባኪዎች የሚወዱት የቄስ ጉዲናን እምቢታ ነው፤ መውደዳቸውም ተገቢ ነው። ከእምቢታው በኋላ ያለው ግን የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሪክ ነው። በዚያች ምሽት አብረዋቸው ነበሩ። ከወራት በኋላ እሳቸውም ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ገደማ በወህኒ ቤት ቆዩ። ባሌ ሞቷል እንዳይሉ አስከሬን የለም፤ በሕይወት አለ እንዳይሉ ድምፅ የለም። ሠልስት የለ፣ አርባ የለ፣ ሙት ዓመት የለ። ከእስር ሲወጡም ቁርጡን አላወቁም፤ ቁርጡ የታወቀው ባላቸው በታፈኑ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ታሪካቸው በመጽሐፍ ወጣ፤ ግርፋቱም፣ ወህኒ ቤቱም፣ ጸሎቱም እዚያው ውስጥ አንድ ላይ ይገኛሉ። በ2007 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም በቤተ ክርስቲያናቸው የእምነት ምስክር ተብለው ተከብረው ኖሩ።

የእሳቸው አሥራ ሦስት ዓመት ለስብከት አይመችም። ጫፍ የለውም፤ «ከዚያ እግዚአብሔር እንዲህ አደረገ» ተብሎ በሃያ ደቂቃ አይዘጋም። አብዛኛው አማኝ የሚኖረው ግን የቄስ ጉዲናን ምሽት ሳይሆን የወይዘሮ ፀሐይን ዓመታት ነው። ሰላም የሚባለው ነገር ካለ እዚያ ውስጥ፣ መልስ ባልመጣበት ጊዜ የሚገኝ መሆን አለበት፤ ካልሆነማ የባለ ታሪኮች ብቻ ነው።

ይህን ከሰባኪዎቹ ይልቅ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቀድሞ የተረዳው ይመስላል። ፋሺስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ የረሸኗቸውን አቡነ ጴጥሮስን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ውስጥ ሲያቆማቸው ፍርሃት የማያውቅ ሐውልት አላደረጋቸውም። እረኝነታቸውን፣ የልጅነት መንደራቸውን የሚያስታውሱ፣ እመ ብርሃንን የሚማጸኑና የሚወቅሱ ሰው አድርጎ ሳላቸው። በዚህ የተነሣ የጳጳሱ ክብር የቀነሰበት አንባቢ እስካሁን አልተሰማም።

ስድስት ኪሎ ያለውን የእማሆይ ተሬዛን ቤት የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እናቶች መሥራች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተሙት ደብዳቤዎቿ፣ ለአሥርተ ዓመታት የእግዚአብሔር መኖር ጨርሶ እንዳልተሰማት ለነፍስ አባቶቿ ስትጽፍ እንደኖረች ታወቀ። ደብዳቤዎቹ እንዲቃጠሉ ለምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሮም ቅድስት ብላ ስታውጃት፣ ያ ሁሉ ጨለማ እንቅፋት አልሆነባትም።

ፍርሃትንና ጥርጣሬን ከእምነት ጉድለት መቁጠር የልብ ጉዳት ብቻ ቢያመጣ ኖሮ ጥቂት በታለፈ። ሕይወትም ያስከፍላል። የኤድስ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል በጀመረበት ሰሞን፣ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሰፈሩ ብዙ ሕሙማን ኪኒኑን መዋጥ ጸበሉን አለማመን ነው እየተባሉ አቋርጠውት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በግልጽ ወጥተው ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ በመሆናቸው መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር ውሰዱ አሉ። ይህ ቃል በዚያ ሰዓት ከብዙ ስብከት በላይ ዋጋ ነበረው። በሌላው ወገን ዛሬ በቴሌቪዥን «በዚህች ደቂቃ ተፈውሳችኋል» የሚሉት ነቢያት የተመለከቱትን ሰው ካሜራው ከዞረ በኋላ ተከትለው አይጠይቁትም። ሕመሙ ሲመለስ ሰውዬው የሚወቅሰው ነቢዩን ሳይሆን የራሱን እምነት ነው፤ አሠራሩም ለዚሁ የተመቸ ነው።

ጥርጣሬ በር ከተከፈተለት ቤቱን ይወርሳል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ጥርጣሬን እንደ ዕውቀት ምልክት አንገት ላይ የሚያንጠለጥል ወጣትም ሞልቷል። ነገር ግን በር የተዘጋበት ጥርጣሬ ከቤት አይወጣም። ሰውየው ከንስሐ አባቱ ወይም ከመጋቢው ይደብቀዋል፣ እሑድ እሑድ እንደ ወትሮው ይቆማል፣ አንድ ቀን ግን መምጣት ያቆማል፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ የለም። ይልቅ ለቅሶም ሆነ ጥያቄ በደጀ ሰላሙ ቦታ ቢኖረው ቢያንስ ማን እንደታመመ ይታወቃል።

ጉዳዩ ለነገ የሚባልም አይደለም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ በጦርነቱ የወደቁ ልጆች መርዶ በአንድ ጊዜ ሲነገር ድንኳን ያልተጣለበት ቀበሌ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አስከሬን ያየ ቤተሰብ ግን ስንት ነው? በአማራም በአፋርም በኦሮሚያም እንዲሁ ቁርጡ ያልታወቀ፣ እንደ ወይዘሮ ፀሐይ መካከል ላይ የተንጠለጠለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ወደ እነዚህ ቤቶች የሚገቡት ካህናትና መጋቢዎች በቅድስት ሥላሴም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የሚሠለጥኑት በዋናነት ለመናገር ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ክረምት የእድር ድንኳን ውስጥ ወንበር እየደረደሩ፣ ንፍሮ እያደሉ፣ ሐዘንተኛ የሚለውን ብቻ እየሰሙ እንዲያሳልፉ ቢደረግ ወጪው ከአንድ ትልቅ ጉባኤ ድምፅ ማጉያ ኪራይ አይበልጥም። ስብከቱ ለአርባው ይደርሳል።