ከጥሬ ወደ ፍራፍሬ፦ ከእንጦጦዋ በቀቀን የምንማረው

በየካና በእንጦጦ ተራሮች፣ በሐበሻ ጥድ ላይ፣ ክንፏ ላይ ጥቁር ላባ ያላት፣ አካሏ በአብዛኛው አረንጓዴ የሆነች ትንሽ በቀቀን ትታያለች። ሳይንሳዊ ስሟ አጋፖርኒስ ታራንታ ነው፤ አጋፖርኒስ በግሪክኛ «የፍቅር ወፍ» ማለት ነው። በተፈጥሮ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ሲሆን፣ ምግቧም የጥድ ፍሬ፣ ሾላና ልዩ ልዩ ዘር ነው።

ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ በሽቦ ጎጆ ለሚያድጉት ዘመዶቿ፣ ለላቭበርዶች፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥሬ ብቻ ነው። ይህ ለአሳዳጊው ቢቀልም ወፏን ይጎዳል እንላለን። እንደ ሱፍ ያለው የቅባት እህል ስብ ይበዛበታል፤ ቫይታሚን ኤና ካልሲየም ግን ያንሰዋል። በዚህም ሳቢያ ወፏ ከመጠን በላይ ትወፍራለች፣ ጉበቷ ይታመማል፣ እንቁላል መጣልም ሊያስቸግራት ይችላል።

መፍትሔው ግን ጥሬውን በድንገት መከልከል አይደለም። ወፏ ያልለመደችውን ነገር እንደ ምግብ ስለማትቆጥረው በረሃብ ልትሞት ትችላለችና። ጠዋት ጠዋት፣ ሆዷ ባዶ ሳለ፣ የተከተፈ ካሮትና ጎመን እናቅርብላት፤ ጥሬውንም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እንቀንስ። ክብደቷን እየመዘንን፣ ከቀነሰች ጥሬውን እንመልስላት። አቮካዶ ግን ለበቀቀን መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥ።

ይህን ስንል የዱሯን በቀቀን ይዛችሁ አሳድጉ ማለታችን አይደለም። በጎጆ ላለችው ምግቧን እናስተካክልላት፤ ለነጻዋ ግን ባሕር ዛፍ በወረሰው እንጦጦ ላይ ጥዷን እንትከልላት።