የዳጉ ዕዳ

ሁለተኛ ዲግሪዬን ሆላንድ ጨርሼ ከገባሁ ወር ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "ትመለሻለሽ ወይስ ቀረሽ?" እናቴ ቡና እየቆላች ትጠይቀኛለች፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ያቆመኛል፣ አብረውኝ የተማሩ በስልክ ይወተውቱኛል። አድቫይዘሬ ደግሞ ለዶክትሬት እንድቀጥል ጽፋልኝ መልሴን ትጠብቃለች። የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስት ቅጂ በቦርሳ ይዤ ወደ አዋሽ ወረድኩ።

ለምን አዋሽ? ጽሑፌ የተጻፈው እዚያ ስላለ አንድ ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስን በአሚባራና በገዋኔ በኩል ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከሩቅ ሲያዩት ልምላሜ ነው፤ ሲጠጉት የመኪና ጎማ የሚበሳ እሾህ አለው፣ ከሥሩም ሣር የሚባል አይበቅልም። ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው በረሃውን ያለማል ተብሎ ነበር። ዛሬ የአፋርን ምርጥ ግጦሽ ውጦታል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ማምሻዬን ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄጄ ሐዲዱ ዳር ብዙ ተቀመጥኩ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለዓመታት የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ እዚህ ያድር ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለትምህርት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተላኩ ወጣቶች የወጡት በዚህ ሐዲድ ነው፤ የተመለሱትም በዚሁ። ከተመለሱት ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ እየተለቀሙ ተገደሉ። ይህች አገር የተማረ ልጇን "መጣህ ወይስ ቀረህ" እያለች አጥብቃ የምትጠይቀው ያን ጊዜ ካጣችው የተነሣ ይመስለኛል። ጥያቄው ከቁስል የወጣ ነውና አልቀየምም። ግን አይበቃም።

በነጋታው በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግራና ቀኙን የጅቡቲ ተሳቢዎች እየተላለፉን አዋሽ አርባን አለፍን፣ መልካ ወረርንም ትተን ገዋኔ ገባን። እዚያ ወረድኩ። ከሁለት ዓመት በፊት መጠይቄን ይዤ ቤታቸው ደጃፍ ሁለት ቀን ሙሉ ያስቸገርኳቸው ሽማግሌ አሉ።

አፋር ከሩቅ የመጣ ሰው ሲያገኝ "ትቀራለህ ወይ?" አይልም። ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ የዝናቡን፣ የሣሩን፣ የሰላሙን፣ የታመመውንና የሞተውን ሁሉ ይነጋገራሉ። የሰማ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ ያልሆነ ነገር የጨመረ ይነወርበታል። ሽማግሌው ምንጣፍ አነጠፉልኝ፣ የግመል ወተት አቀረቡልኝና "እሺ ልጄ፣ በይ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" አሉኝ።

ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ዛፉ የመስኖ ቦይንና የጎርፍ መውረጃን ተከትሎ እንደሚሄድ፣ ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ እንደሚዘራው። እሳቸው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ "ይህንን እኮ የነገርኩሽ እኔ ነኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ጽሑፌ ውስጥ በሠንጠረዥ የተደረደረው አብዛኛው ነገር ከእሳቸውና ከመሰሎቻቸው አፍ የወጣ ነው። "እኔ ያልነገርኩሽን ንገሪኝ።"

ያን ጊዜ የኬንያን ነገር አነሣሁ። ይኸው ዛፍ ባሪንጎ በሚባል አገር እንደ እነሱ ያሉ አርብቶ አደሮችን እንደጎዳ፣ ጣፋጩ ፍሬ የፍየሎቻቸውን ጥርስ እያበሰበሰ እንደጨረሰ፣ ሰዎቹም መንግሥትን ከስሰው ጥርሷ የረገፈ ፍየል ፍርድ ቤት ይዘው እንደቀረቡ፣ ኋላም አገሪቱ ዛፉን ጎጂ አረም ብላ እንዳወጀችው ነገርኳቸው። ሽማግሌው ተጠግተው ተቀመጡ። ፍየሏን ዳኛው በዓይናቸው አይተዋት እንደሆነ፣ ከሳሾቹ ስንት እንደነበሩ፣ ማን እንደተናገረላቸው ጠየቁኝ። በዲፌንስ ቀን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱም የዚህን ያህል አላስጨነቀኝም፤ ግማሹን መመለስ አልቻልኩም።

ይህ የኬንያ ታሪክ በጽሑፌ ውስጥ ሁለት መስመር ነው። ለእሳቸው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ እሱ ነበር፤ የጻፍኩበት ቋንቋ ደግሞ እሳቸው ዘንድ እንዳይደርስ ከልክሎታል።

ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስንጓዝ የማስበው ይህንኑ ነበር። ይህ የአዋሽ ሸለቆ ውጭ አገር ለተማሩ ኢትዮጵያውያን ትልቅ ስም የሰጠ ሸለቆ ነው። ዶክትሬታቸውን ፓሪስ በ1990 ዓ.ም. ያጠናቀቁት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ ሰላም የተባለችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ዲኪካ ላይ ያገኙት ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። አጥንቷን ከያዛት አሸዋማ ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ፈልቅቆ ማውጣት ዓመታት ፈጀ። ስለሺ ሰማው የጎናን የድንጋይ መሣሪያዎች ይዘው ነው ዓለም ያወቃቸው። በርክሌይ የተማሩት ብርሃኔ አስፋው አገራቸው ተቀምጠው ሠርተዋል፤ እዚያው የተማሩት ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ደግሞ ኑሯቸው አሜሪካ ሆኖ ለምርምር ወደ ወራንሶ ሚሌ ሲመላለሱ ኖረዋል። እንግዲህ ከእነዚህ ማን ተመለሰ፣ ማን ቀረ ሊባል ነው?

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ያስተሳስራቸዋል። ያገኙት ቅሪተ አካል አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለው። ዋናውን ማየት የሚፈልግ የየትኛውም አገር ተመራማሪ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አለበት። አጥንቱን አገር ውስጥ ማስቀረት አውቀንበታል። ስለ ውኃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ በሽታውና ስለ ዛፉ ሰብስበን የምንወስደው ቃልና ቁጥር ግን እንደወጣ ይቀራል። በየዓመቱ ስንቶቻችን ነን መጠይቅ ይዘን ሸለቆውን አቋርጠን የምናልፈው! በየካቲት 2008 ዓ.ም. የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የራስ ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ ሚሌ አካባቢ ያገኘው የዚያው አገር ሰው የሆነ አፋር ነው። እኛም ጋ እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው የአገሬው ሰው ነው።

ያወቁትን ለአገሬው ሰው መንገር እንደሚቻል ደግሞ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬት ቀንና ሌሊት ስትናወጥ፣ ሕዝቡም ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ በአማርኛ ሲያስረዱ ሰምተናል። ሰው የሚያውቀውን ለሚመለከተው ሰው በጊዜው ሲነግር ያ ነው ዳጉ ማለት።

ሰመራ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ሙቀቱ ግን አልበረደም። በማግስቱ አንዱን ቅጂ ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሰጠሁ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ባለ አራት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያም አያያዝኩለት። ሎግያ ሻይ ቤት ውስጥ የተዋወቅሁት አንድ መምህር ወደ አፋርኛ ሊመልስልኝ ቃል ገባ። ከሦስት ቀን በኋላ ወደ አዋሽ ስመለስ ሚሌ ላይ ሻይ የቀዳችልኝ ሴት፣ ከየት መጣሽ ሳትለኝ፣ አንዲት ጥርስ የሌላት ፍየል በሰው አገር ፍርድ ቤት መቆሟን አወራችኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

ለአድቫይዘሬ የጻፍኩት መልስ አጭር ነው። ዶክትሬቱን እቀጥላለሁ፤ ግን በምርምሩ በጀት ውስጥ ውጤቱን ገዋኔ ድረስ ወስዶ፣ በአፋርኛ ተናግሮ፣ ጥያቄ ተቀብሎ መመለሻ ይያዝልኝ አልኳት። ይህ ከሌለ አልጀምርም። እናቴም የጠየቀችኝን በዚሁ መለስኩላት፤ እሄዳለሁ፣ ደግሞ እመጣለሁ።

ስለ አዋሽ ሸለቆ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፋችሁ በየሰው አገር ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አንድ ቅጂ ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ ላኩ። ጥቂት ገጽ በአማርኛ ወይም በአፋርኛ ጨምሩበት። ቃሉን የሰጣችሁ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ሄዳችሁ ንገሩት። የእኔ ሁለተኛ ቅጂ ገዋኔ ነው፤ ማጠቃለያውን ለሽማግሌው የሚያነብላቸው ስምንተኛ ክፍል የደረሰው የልጅ ልጃቸው ነው።