ቀለሙን ሳይሆን ወለሉን ግዙ

ባለፈው የቮልሷን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በሁለት ዓይነት ሰው ተሞልቷል። አንዱ «መምህር፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ጤናህን ነው?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ከየት ነው የሚገኘው? ጥሩ ኢንቨስትመንት ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እኔም አንድ ልያዝ» ይላል። ለመጀመሪያው መልስ የለኝም፤ ባለቤቴም እስካሁን እየጠየቀችኝ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ለሁለተኛው ነው።

ቮልስ ኢንቨስትመንት አይደለም። ኢንቨስትመንት ነው ብሎ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለም ነው፣ ቀለም ያየ ሰው ደግሞ ይበላል። እኔ ተበልቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ወጥቶ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ተጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ዋጋው የሚነካ አልሆነም። ትናንት «ቆርቆሮ» ይባል የነበረው ቮልስ ደላላው አፍ ላይ «አንቲክ» ሆነ። ለሠርግ ይከራያል፣ ፎቶ ይነሱበታል፣ ካፌ በር ላይ ያቆሙታል። የሚነዳው ሰው ግን እየቀነሰ ነው።

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር የሃይስኩል መምህር ነኝ። አዲስ መኪና በሕልሜም አይታየኝም። ሁለት ዓመት የጣልኩት እቁብ ሲወጣልኝ በቀጥታ ያመራሁት መገናኛ አካባቢ አንድ ደላላ ወዳሳየኝ ቀይ ቮልስ ነው። ቀለሙ ፊት ያሳያል፣ ቸርኬው ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ደላላው «ይቺ እኮ የጃንሆይ ዘመን ናት! ዘንድሮ ካልገዛሃት በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ነው» አለኝ። (ስለ ጃንሆይና ስለ ቮልስ ካነሳን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ ያሳፈሯቸው ቮልስ ላይ ነበር። ለማሻሻጫ የሚሆን ታሪክ አይመስለኝም።) እኔ ግን ልቤ ጠፍቶ ስለነበር እዚያው ቀብድ ከፈልኩ።

መካኒክ ይዤ የሄድኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፣ በደንብ ያዙልኝ። ሽማግሌው ሞተሩን አስነስተው እንኳን አላዩም። «የኋላ ወንበሩን አንሳው» አሉኝ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ አሲዱ በየዓመቱ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ወንበሩና ምንጣፉ ሲነሳ የኔዋ ቀይ ቆንጆ ወለሏ የጣሪያ ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። በላዩ ላይ ካትራሜ ተለቅልቋል። እዚያው ወንበር ሥር መሃል ላይ የሚገኘው የሻንሲ ቁጥር ደግሞ ተፍቆ በብየዳ ተሸፍኗል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይሄ አንድ መኪና አይደለም፣ ሁለት ነው» አሉኝ። ከየት ከየት እንደተገጣጠመች እግዜር ይወቅ። ቀብዱ እስከዛሬ አልተመለሰም፣ አይመለስምም።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር፣ ቮልስ ማለት ወለሉ ነው። ቦዲው ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። መከላከያዎቹ በብሎን ይፈታሉ። ሞተሩ እንኳን የተያዘው በአራት ብሎን ነው፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት ያወርደዋል። ይሄ ሁሉ ይለወጣል። ወለሉና ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው ቱቦ ከበሰበሰ ግን የምትገዙት ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ በክሪክ አስነሱና በጀርባችሁ ተኙ፣ በመፍቻ ጫፍ ወለሉን ነካ ነካ አድርጉት። ባለቤቱ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ያለችኝን ያገኘኋት ገርጂ ውስጥ አንድ ግቢ ነው። ሞዴሏ በፈረንጅ 1969፣ 1300 ናት። ባለቤቷ ካረፉ በኋላ ለዓመታት ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ዶሮ ሁሉ እንቁላል ይጥልባታል። ቀለሟ የፈካ ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ምን እንደሆነ አላውቅም። ጎማዎቿ አራቱም ወርደዋል። ወለሏ ግን የፋብሪካው ነው። እማማ ለቆራሌው በኪሎ ላለመስጠት ብለው ነው የያዟት። «ብረት አይደለችም፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረሰች ናት» አሉኝ። ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከርንም። ያደከመን ሊብሬው ነው። በሟች ስም ስለነበር የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ፣ ስም እስኪዞር፣ ወራት ፈጀ። እኔ ግን አንድ ብር ሳልከፍል ጠበቅኩ። ቀይዋ አስተምራኛለች።

ከገዛኋት በኋላ መጀመሪያ የለወጥኩት የቤንዚን ጎማውንና የፍሬን ሲስተሙን ነው። ጎማው የርካሽ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ግን የደረቀ ጎማ ሞተር ላይ ቤንዚን ካንጠባጠበ ቮልስ እንደ ችቦ ነው የሚነደው። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፣ የኔዋ እስካሁን አልደረሳትም።

ፊዚክስ ስለማስተምር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ነፋሱን የምትሰጠው ፋን የምትዞረው ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋ ተበጥሶ የባትሪዋ ቀይ መብራት ከበራች «ጋራዥ ድረስ ልንዳው» አይባልም፣ እዚያው ቁም! ሌላው ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ብዙ ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ሞተር የሚያስወርደው ለዚህ ነው። ሽማግሌው ግን ካንዴላዋን ነቅለው አይተው፣ ካርቡሬተሩን ግማሽ ሰዓት ነካክተው ጨረሱ።

ኢንቨስትመንት የሚለው ወሬ የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ፑብላ ላይ የተመረተው በ2003 በፈረንጅ ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ አበቃ። የሚጨመር የለም። እኛ ጋ ያሉትን ቀባብቶ ለካፌ የሚያቆም ሰው መኪና ብቻ አይደለም የሚያቆመው፣ መካኒኩንም ሥራ ፈት ያደርገዋል። የኔ ሽማግሌ ካዛንቺስ ሲፈርስ ሥራቸውን ይዘው ወደ አያት ተዛውረዋል። «ድሮ በሳምንት ስንት ቮልስ ይመጣ ነበር፣ አሁን በወር አንድ ከመጣ ነው» ይሉኛል። ረዳት የላቸውም። ቫልቭ በጆሮ ሰምተው ያስተካክላሉ፤ ያንን ማን ጽፎታል? ማንም። ባለፈው ቅዳሜ አምስት ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያልገባቸውን የአራት ምት ሞተር ጋሼ በመፍቻ እያሳዩ በሃያ ደቂቃ አስረዷቸው። አንዱ ልጅ በየቅዳሜው ልምጣ ብሎ ለምኗቸዋል፤ «ቱታ ይዘህ ና» ብለውታል።

እና ወንድሜ፣ ገንዘብ ልታስቀምጥ ከሆነ ባንክ አለልህ፣ መሬት አለልህ። ቮልስ የምትገዛው ልትነዳውና እጅህን ዘይት ልታስነካ ከሆነ ግን ና፣ አብረን እንሄዳለን፣ ወለሉን እኔ አይልሃለሁ።

በነገራችን ላይ የግራ በር የውጭ እጀታ እየፈለግኩ ነው። ሶማሌ ተራንም ምን አለሽ ተራንም ዞሬ አጣሁ፣ አሁን በቀኝ በር ገብቼ ነው የምነዳው። ቁልፍ ባይኖረውም ግድ የለም። ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።