በፀጉር ወጪ እንቆጥብ፣ በምላጭ ግን አንቆጥብ
የሰፈራችን ነዋሪዎች ሆይ፤ ልጅ በበዛበት ቤት የፀጉር ወጪ ቀላል አይደለም፤ በበዓል ሰሞንማ ይብሳል። ሦስት አራት ጎረቤት አዋጥቶ አንድ ቶንዶስ ቢገዛ፣ የልጆቹን ፀጉር እዚሁ ደጃፋችን ማስተካከል እንችላለን እኮ። ሹሩባም ቢሆን የምትችል እናት ለጎረቤቷ ብትሠራላት፣ ያችኛዋ በሌላ ሥራ ታግዛታለች።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ልክ አለው። ቆረቆር በማበጠሪያና በቶንዶስ ከልጅ ወደ ልጅ ይጋባል፤ ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ ራሱን ያመመው ልጅ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቶንዶሱም ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ ይጽዳ። ምላጭ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ይሁን፤ የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. በደም ይተላለፋሉና። በፀጉር ያተረፍነው ብር ለሕክምና ከወጣ ምኑን ቆጠብነው?