ስለ ጎን ነፋስና ስለ አብራሪ ማስተዋል

የካቲት 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ኤማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሰሜን ጀርመንን ሲያናውጥ፣ አንድ የሉፍታንዛ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን በሃምቡርግ ለማረፍ ወርዶ ጎማው መሬት እንደ ነካ ነፋሱ ከጎን ቢያጋድለው የግራ ክንፉ ጫፍ መንደርደሪያውን ፋቀ፤ አብራሪዎቹ ግን ማረፉን ትተው ወዲያው ወደ ሰማይ መለሱት፣ ቆይተውም ወደ ነፋሱ ይበልጥ በዞረ በሌላ መንደርደሪያ አሳረፉት፤ ከተሳፋሪዎቹም አንድ ስንኳ አልተጎዳም። የዚህ ነገር ፊልም በዓለም ሁሉ ታየ፤ ተመልካቹም አውሮፕላኑን ከሞት አፍ የነጠቀውን የእጅ ብልሃት እጅግ አደነቀ። እኔ ግን ውዳሴው በተገቢው ስፍራ የዋለ አይመስለኝም።

የጎን ነፋስ ሲበረታ አብራሪው አውሮፕላኑን በቀጥታ ወደ መንደርደሪያው ቢያቀና ነፋሱ እየገፋ ከመስመሩ ያወጣዋልና፣ ሙላት የሚሻገር ዋናተኛ ወደ ወንዙ ራስ እያቀና እንደሚዋኝ ሁሉ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ በሰያፍ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ጎማዎቹ በሰያፍ እንዳሉ መሬት ቢመቱ ብርቱ የጎን ጫና ስለሚያርፍባቸው፣ ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጅራቱን መሪ በእግሩ ረግጦ አፍንጫውን ከመንደርደሪያው ጋር ያስተካክላል፤ በዚያውም ቅጽበት በነፋሱ በኩል ያለው ክንፍ እንዳይነሣ በእጁ ተጭኖ ይይዘዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ነፋሱም በእነዚያው ሴኮንዶች ሊጠነክር ወይም በድንገት ሊከዳ ይችላል።

ለኤ320 በመመሪያው የተጻፈው የጎን ነፋስ መጠን 33 ኖት፣ ድንገት ሲበረታም እስከ 38 ኖት፣ ማለት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ፋብሪካው በሙከራ በረራ ያሳየው ልክ ነው እንጂ የታጠረ ድንበር አይደለም። አደጋውን የመረመረው የጀርመን መሥሪያ ቤትም ይህን ቁጥር አብራሪዎች በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚረዱት ገልጿል። ድንበሩ በወረቀት ላይ ካልጠራ የብዙ ነፍሳት ጥበቃ በአንድ ሰው ኅሊና ላይ ይወድቃል። በማዴይራ ደሴት በፉንሻል አውሮፕላን ማረፊያ ግን የነፋሱ ወሰን የታዘዘ ስለ ሆነ፣ ነፋሱ ወሰኑን ሲያልፍ አውሮፕላኖች በሰማይ እየዞሩ ይጠብቃሉ፣ ወይም ወደ ጎረቤቱ ፖርቶ ሳንቶና ወደ ሌላም ስፍራ ይሄዳሉ፤ ለእኔ ይህ ምስጉን ሥርዐት ነው።

በዐውሎ መካከል ያሳረፈንን አብራሪ በጭብጨባ፣ በሌላ ከተማ ያሳደረንን ግን በማጉረምረም የምንቀበል እኛ ተሳፋሪዎች፣ አብራሪው ሊሸከመው የማይገባውን ሸክም እንጨምርበታለን። በሃምቡርግ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ማረፉን የመተው ፈጣን ውሳኔ ነበር፤ የነፋሱን ኃይል ሰምቶ ያን ሁለተኛ መንደርደሪያ አስቀድሞ መምረጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ እንደ ነበር አምናለሁ። ስለዚህ አየር መንገዶች አብራሪው ተመልሶ ሲነሣ ምክንያቱን ለተሳፋሪው ወዲያው ይግለጹ፤ በዚያም ስላለቀው ነዳጅና ስላለፈው ሰዓት አብራሪውን አይውቀሱት።